ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ አይነቀልም፦ የሳምንቱ ጥያቄዎቻችሁ

የሰንዳፋው አባት ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ የፊት መብራታቸው ይፈዛል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ደመቅ ይላል። ቀይ የባትሪ ምልክትም በርቷል። «ባትሪ ልለውጥ?» ይላሉ።

ቆይ አባቴ፣ መጀመሪያ ያስለኩት። ጤነኛ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ካልደረሰ ጥፋቱ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ መላላት ወይም የዛገ ገመድ ነው። እሱ ሳይስተካከል አዲሱም ባትሪ መንገድ ላይ ይጥልዎታል። ምልክቱ በርቶ ሙቀት ከጨመረ ግን እዚያው ያቁሙ። ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል፤ በብዙ መኪኖች የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይንዱ፤ መካኒክ ያስመጡ።

የሰበታዋ እህታችን መኪናዋ ከላቫጆ ስትወጣ ትጮኻለች።

ቺንጋው ረጥቦ ነው። ደርቆም ከጮኸ አሳዪው።

የለገጣፎው ወጣት የሰፈሩ መካኒክ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋች ዲናሞዋ ደህና ናት» ብሎታል። ይታመናል ወይ?

በጭራሽ! ይሄን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ዘዴው ኮምፒውተር ካልነበራቸው የድሮ መኪኖች የቀረ ነው። ዛሬ ቪትዝም ሆነ ኮሮላ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ዲናሞው የሚልከውን ኃይል ተቀብሎ የሚያረጋጋው ባትሪው ነው። ድንገት ሲነቀል ኃይሉ መሄጃ ያጣል፤ 14 የነበረው ቮልት በቅጽበት ብዙ እጥፍ ይዘላል። ኮምፒውተሩም የዲናሞው ዳዮዶችም (ኃይልን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ክፍሎች) ሊቃጠሉ ይችላሉ። የጎረቤቴ መኪና እንዲህ ሆና ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ጋራዥ ስትገባ ያለቀባት ዲናሞው ውስጥ እየተፋተገ የሚያልቀው ካርቦን ብቻ ነበር። ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። አንድ ዳዮድ የሞተበት ዲናሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ያቆያል፤ ሌሊት ግን ባትሪህን ሊጨርስ ይችላል። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) የያዘ ኤሌክትሪሺያን ፈልግ። ያልያዘ ሰው መኪናህን እንዳይነካ፣ አደራ።

የሱሉልታው ወንድማችን «የኔን ዲናሞ ላስጠግን ወይስ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ልግዛ?» ይላል።

አስፈትተህ እይ። ካርቦን ወይም ኩሽኔታ ብቻ ከሆነ አስጠግን። የውስጡ ሽቦ ተቃጥሎ ከሸተተ ለውጥ። ስትሄድ አሮጌውን ያዝ፤ አምፔሩን፣ ሶኬቱንና ቺንጋው የሚያርፍበትን ፑሌጃ አስተያይ። ሳትከፍል አስሞክረው። ሲገጠም ሞተር ይጥፋና መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ። ገመድ የሚነቀለው ያኔ ነው።