ወደ ተፈናቃይ ሳይት ለምትወጡ ልጆች፡ መጀመሪያ ዝርዝሩን እዩት

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? ዘንድሮም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ኤንጂኦ ለመግባት ሲቪ የምትበትኑ ብዙ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም «እትዬ ፊልድ ወለጋ ደረሰኝ፣ ምን ልያዝ» ብላችሁ ደውላችሁልኛል። ቡትስና ፓወር ባንክ ያዙ። ሌላውን እዚሁ ልጻፍላችሁ፣ በነርስነት አርጅቼ ጡረታ ወጥቻለሁና ጊዜው አለኝ።

ሳይት ስትደርሱ ሰው ሁሉ ድንኳኑን፣ ሽንት ቤቱን፣ የውሃ ቦቴውን ነው የሚያሳያችሁ። እሱንም እዩ፣ ሽንት ቤቱ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፣ ማታ መብራት አለ ወይ፣ ውሃው ከ500 ሜትር ይርቃል ወይ። ግን እኔን ብትሰሙኝ መጀመሪያ የራሽን ዝርዝሩን ጠይቁ። በማን ስም ነው የተመዘገበው? አብዛኛውን ጊዜ በአባወራው ነው። እና ባሏ የሞተባት፣ ወይ የት እንደገባ የማይታወቅ፣ ወይ ደግሞ ሁለት ሚስት ኖሮት ከመጀመሪያዋ ጋር የተመዘገበባት ሴትዮ ምን ትብላ? ሁለተኛዋ ሚስት ከነልጆቿ ዝርዝሩ ላይ የለችም። ጅማ ዙሪያ ላደግን ሰዎች ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ስንት እንዲህ ያለ ቤት እናውቃለን፣ ፎርሙን ያዘጋጀው ሰውዬ ግን አንድ ቤት አንድ ሚስት ብሎ ዘግቶታል።

እሺ በራስሽ ስም ተመዝገቢ ስትሏት ደግሞ መታወቂያ ይመጣል። ለመታወቂያው ከመጣሽበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ ትባላለች። በ2011 መጀመሪያ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ካማሺ ዞን ወደ ምስራቅና ምዕራብ ወለጋ የተፈናቀሉትን አስቡ እስቲ፣ ልጅ አዝላ ነፍሷን ይዛ የወጣች ሴት የምን መሸኛ ነው የምታመጣው፣ ተመልሳስ ማንን ልታስጽፍ ነው? መታወቂያ ከሌላት ሲም ካርድ የለም፣ ሲም ከሌለ ቴሌብር የለም፣ እርዳታው በብር ሲሆን ብሩ የሚገባው ባልየው ስልክ ላይ ነው፣ ባልየው ደህና ሰው ከሆነ እሰየው፣ ካልሆነስ?

እዚህ ጋር አንድ ነገር ያዙልኝ። የአፍሪካ ህብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ላይ ያወጣው የተፈናቃዮች ስምምነት አለ፣ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። አንቀጽ 13 ላይ ሴቶች ሰነድ የማግኘት እኩል መብት እንዳላቸው፣ ሰነዱም በራሳቸው ስም እንዲሰጣቸው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ፕሪንት አድርጋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ቆማችሁ ስለ ጀንደር ሌክቸር ከምትሰጡ ገጹን አውጥታችሁ «ኦቦ፣ በምስክር እንመዝግባት» ማለት ይሻላል። ምስክር እንደሆነ አይጠፋም፣ አብረዋት የተሰደዱት ጎረቤቶቿ እዛው ናቸው።

ወረቀት የማይጠየቅበት ቦታም አለ፣ እሱን አለማወቅ ነው ከሁሉም የሚያናድደኝ። የተደፈረች ሴት ጤና ጣቢያ ስትመጣ መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ ብለው የሚመልሱ አሉ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ነው የሚበጀው፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው ደግሞ እስከ 5 ቀን ነው። እሷ እኮ በእግሯ፣ ከዛ በሞተር፣ ከዛ አይሱዙ ላይ ተጭና እስክትመጣ ከሰዓቱ ብዙውን መንገዱ በልቶታል፣ እናንተ ደግሞ ደብዳቤ! አርግዛ ከሆነም በ1997ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 551 እና 552 መሰረት ጽንሱን በህክምና ማቋረጥ ትችላለች፣ መደፈሯን ለማስረዳት የራሷ ቃል በቂ ነው፣ ማስረጃ አምጪ አይባልም። ክሱን ከፈለገች በኋላ ትሄድበታለች። እና አንዴ ለነርሷ የነገረችውን ለሪፖርት ማሳመሪያ ብላችሁ ድጋሚ አታስለፍልፏት፣ ፎቶማ ጭራሽ።

ኦሮምኛ የማትችሉ አስተርጓሚያችሁ ሴት ትሁን። ባልየው ወይ ወንድ ልጇ ሲያስተረጉም የምትነግራችሁ ሌላ ነው። ከቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ጋርም ተስማሙ፣ የትኛዋ ሴት ቤት ምን እንዳለ ከኮሚቴው በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ደግሞ ሳይት ብቻ አትዩ። ጅማ ከተማ ዘመድ ቤት የተጠጉ፣ ሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ቡና መጋዘን ለቀማ የሚውሉ አሉ፣ ድንኳን ስለሌላቸው ተፈናቃይ ናቸው ብሎ የሚቆጥራቸው የለም። እድር ውስጥም የሉም፣ ሰው ቢሞትባቸው ማን ድንኳን ይጥልላቸዋል? ስለዚህ ፊልድ አልደረሰኝም ብላችሁ የምታኮርፉት፣ በምሳ ሰዓት መጋዘን በር ላይ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ በባጃጅ ነው። ሐሙስ ግን ገበያ ስለሆነ ማንንም አታገኙም።