ድመቶቹ እንዲደርሱበት፣ ውሻው እንዳይደርስበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ውጭ የሚኖሩ ሦስት ድመቶች ትመግቢያለሽ። ምግቡን ደረጃው ሥር ታስቀምጫለሽ። ገና ዞር ስትዪ የጎረቤት ትልቅ ውሻ ይመጣና ሳህኑን ልሶ ይሄዳል። ሰሞኑን ደግሞ ባለቤቱ የማይታወቅ አንድ ትንሽ ውሻ ተጨምሮበታል። «በርበሬ ልነስንስበት ወይስ ከፍ ላድርገው?» ነው ያልሽው። እኔ የውጭ ድመቶችን መመገብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ውሾችም ከአካባቢው ጠፍተው አያውቁም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ታገሺኝ።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ከፍ አድርጊው፣ በሰዓት አብዪ፣ የተረፈውን አንሺ። በርበሬውን እርሺው።

ብዙ ሰው ነገሩን ከውሻው ጋር የሚደረግ ግብግብ ያስመስለዋል። ይጮኻል፣ ዱላ ያነሳል፣ ድንጋይ ይወረውራል። ውሻው ይሸሻል፤ ሰውዬው ቤት ሲገባ ይመለሳል። ድንጋይ ሲወረወር ደግሞ መጀመሪያ የምትጠፋው ድመቷ ናት። ተመልሳ ለመምጣትም ከውሻው የበለጠ ታመነታለች። የእኔ ምክር ውሻውን ተዪውና ቦታውን ቀይሪው ነው። ድመት ትዘላለች፣ ትንጠላጠላለች፣ በጠባብ ቀዳዳ ትሾልካለች። በዚህ ውሻ አይወዳደራትም። እሷ የምትችለውን እሱ የማይችለውን ነገር ብቻ ነው መፈለግ ያለብሽ።

ውሻው ለምን እንደሚመላለስም ማወቁ ይጠቅማል። የድመት ምግብ ከውሻ ምግብ ይልቅ ፕሮቲንና ስብ ይበዛበታል። ሽታውም ጠንከር ያለ ነው። ቤቱ ጠግቦ የወጣ ውሻ እንኳ አያልፈውም። አንዴ ካገኘ ደግሞ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ሦስት ቀን አጥቶ በአራተኛው ቀን ትንሽ ፍርፋሪ ያገኘ ውሻ ተስፋ አይቆርጥም። እንዲያውም አንዳንዴ የሚገኝ ነገር ሁልጊዜ ከሚገኘው ይልቅ ልማዱን ያጠነክርበታል። ስለዚህ «ዛሬ ብቻ መሬት ላይ ላድርገው» የሚባል ነገር የለም። ወይ ሁልጊዜ ያጣል፣ ወይ ሁልጊዜ ይመጣል።

ምግቡን ስትከለክዪውም መጀመሪያ ላይ ይብስበታል። ይቆፍራል፣ ይገፋል፣ ቆሞ ይጮኻል። ሰው ብዙውን ጊዜ «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚሁ ላይ ነው። ግን ይህ ሊተው ሲል የሚያደርገው የመጨረሻ ሙከራ ነው። ምንም ሳያገኝ ካለፈ እየራቀ ይሄዳል።

አሁን ወደ ከፍታው። ጤነኛ የሆነች አዋቂ ድመት ከቆመችበት ተነሥታ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ትዘላለች። ትልቅ ውሻ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ግድግዳ ሲደገፍ አፉ ከአንድ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በጣም ትልቅ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ወንበር ላይ ወይም ባልዲ ገልብጦ እላዩ ላይ ማስቀመጥ ለዚህ ውሻ ምንም አይደለም። መደርደሪያው ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ድመቶቹ በአንድ ዝላይ እንዲደርሱ አታስገድጃቸው። መሃል ላይ፣ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ አንዲት ጠባብ ጣውላ ግድግዳው ላይ ምቺላቸው። ስፋቷ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ድመት እዚያ ላይ አራት እግሯን ሰብስባ ትቆማለች። ትልቅ ውሻ ግን ሰውነቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አያገኝም።

መደርደሪያው ራሱ ሰፋ ይበል፤ ሦስቱም ሳይገፋፉ ይብሉ። ከተቻለ ሳህኖቹን አራርቂያቸው። የሚፈራሩ ከሆነ አንዷ ሌላዋን ከላይ ታባርርና የተባረረችው መሬት ላይ ከውሻው ጋር ትፋጠጣለች። ጠርዙ ዙሪያውን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ክፈፍ ይኑረው። ይህቺን ነገር ቀላል አድርገሽ አትያት። ክፈፍ ከሌለ ድመቶቹ ሲበሉ ምግቡን እየገፉ ይጥሉታል። ውሻው ከታች አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ያኔ ከፍ ማድረግሽ ዋጋ የለውም፤ ከላይ የሚዘንብ ምግብ አዘጋጀሽለት ማለት ነው።

ሌላው ጣጣ በአካባቢው ያለው ዕቃ ነው። ሣጥን፣ ወንበር፣ የተከመረ እንጨት፣ የቆመ መኪና፣ ሁሉም ለውሻ መሰላል ይሆናል። ከመደርደሪያው አካባቢ አርቂው። መደርደሪያው እንዳይወዛወዝ በደንብ ይጠበቅ። ድመት የሚነቃነቅ ነገር አታምንም፤ አንዴ ካንሸራተታት ሳምንቱን ሙሉ እያየች ታልፈዋለች። ጣውላው የሚያዳልጥ ከሆነ አሮጌ ምንጣፍ ቆርጠሽ ለጥፊበት። ከዝናብ የሚያስጥል ክዳን ጥሩ ነው። ጎንና ጎኑን ግን አትዝጊው፤ ስትበላ ዙሪያዋን ማየት ትፈልጋለች።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ድመቶቹ መዝለል ከቻሉ ነው። ግልገል፣ ያረጀች፣ የተጎዳች ወይም ልትወልድ የደረሰች ካለችሽ ለእሷ ሣጥን ሥሪላት። ሣጥኑ ከጣውላ ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። መግቢያው ከ13 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። የድመት ከአንገት ሥር፣ ከትከሻ ፊት ያለው አጥንት እንደ እኛ ከሌላ አጥንት ጋር የተጋጠመ አይደለም። ለዚህ ነው ጭንቅላቷ ያለፈበት ሌላው ሰውነቷም የሚያልፈው። በጣም ወፍራም ከሆነች ግን እሷን ለክተሽ ቁረጪ። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሺው፤ ያልለሰለሰ ፕላስቲክ ይቆርጣል።

በሣጥኑ ነገር ሁለት ነጥብ ልጨምር። አንደኛ፣ ሳህኑን ከቀዳዳው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር አርቂው። ውሻ ሰውነቱን ባያስገባም አፉንና የፊት እግሩን ያስገባል፤ ሳህኑን ስቦ ለማውጣት የሚያክለው የለም። ሁለተኛ፣ መውጫው ሁለት ይሁን፣ በተለያየ ጎን። ውሻው በአንዱ ጭንቅላቱን ሲከት እሷ በሌላው ትወጣለች። አንድ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ወጥመድ ነው። ብልህ ድመት መጀመሪያውኑ አትገባበትም፤ ብትገባም እኔ ባትገባ እመርጣለሁ። ሣጥኑን ደግሞ መሬት ላይ ቸክዪው ወይም ከባድ ድንጋይ ጫኚበት፤ ካልሆነ ገልብጦት ይሄዳል።

ትንሹ ውሻ ግን ለብቻው ነው መታየት ያለበት። ሰው ትልቁን ይፈራል፤ በምግብ ነገር አስቸጋሪው ግን ትንሹ ነው። ድመት የምትገባበት ቀዳዳ እሱንም ያስገባዋል። ስለዚህ ለትልቅ ውሻ ቀዳዳ ማጥበብ፣ ለትንሽ ውሻ ከፍታ ነው መድኃኒቱ። አንቺ ሁለቱም ስላሉብሽ መደርደሪያውን ነው የምመርጥልሽ። ሣጥን የግድ ካስፈለገ ቀዳዳውን ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጊው። ያንንም ለማትችል አሮጊት ድመት ሌላ ዘዴ የለም፤ እስክትበላ አጠገቧ መቆም ነው።

ቦታውን በአንድ ቀን አትቀይሪባቸው። ድመት ለለመደችው ነገር ግትር ናት። መጀመሪያ መደርደሪያውን ሠርተሽ ባዶውን ይሽተቱት። አሮጌውን ሳህን ተጠቀሚ፤ አዲስ አትግዢ። ሲተኙበት የኖረ ጨርቅ ካለ እላዩ ላይ አንጥፊ። ለጥቂት ቀናት ምግቡን ከደረጃው ሥር ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ጠባቧ ጣውላ ላይ፣ ከዚያ ወደ ላይ አሸጋግሪው። በዚህ ጊዜ አንቺ እዚያው ቁሚ። ከሦስቱ ደፋሯ ከወጣች ሌሎቹ እሷን አይተው ይወጣሉ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ጣውላም ሚስማርም የማይጠይቀው ይሄ ነው፤ ከሁሉም በላይ የማምነውም እሱን ነው። ምግብ ቀኑን ሙሉ ውጭ ከዋለ የማይመጣ እንስሳ የለም። ውሻው ብቻ ሳይሆን አይጡም ጉንዳኑም ይሰለፋል። ድመት በባሕሪዋ ንጋት ላይና ማምሻ ላይ ነው ንቁ የምትሆነው። ጠዋትና ማታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አብዪ። ስታመጪ ሳህኑን መታ መታ አድርጊ ወይም በአንድ ዓይነት ድምፅ ጥሪያቸው። ቶሎ ይለምዳሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ቀድመውሽ ቆመው ታገኛቸዋለሽ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቂ፣ የተረፈውን አንሺ፣ ሥሩን ጥረጊ። እርጥብ ምግብ ከሆነማ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ የግድ መነሳት አለበት።

«ሳይጠግቡ ባነሳባቸውስ?» ትዪ ይሆናል። አራት ኪሎ ገደማ ለምትመዝን አዋቂ ድመት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ደረቅ ምግብ በቂ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን መጠን ተመልክተሽ ለሁለት ክፈዪው። በዚህ መጠን ከሰጠሻቸው የሚተርፈው ትንሽ ነው። አንዷ ዘግይታ የምትመጣ ከሆነ የእሷን ለብቻ ያዢላት እንጂ ሳህን ሙሉ ትተሽ አትግቢ።

አንዳንዱ «ለሁሉም የውሻ ምግብ ላቅርብ፣ ሰላም ይውረድ» ይላል። እባክሽ ይሄን አታድርጊ። ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አይሠራም፤ ከምግብ ነው የምታገኘው። የውሻ ምግብ ላይ ይሄ ላይኖር ይችላል። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። የልቡ ነገር በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው በጥናት የታወቀው፤ ከዚያ በኋላ የድመት ምግብ አምራቾች መጠኑን ከፍ አደረጉ። በተቃራኒው የድመት ምግብ ውሻን ወዲያው አይገድለውም፤ ግን ያወፍረዋል፣ ሆዱን ያበላሸዋል፣ ስቡ የበዛበት ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል።

ይህቺን የቆሽት ነገር ለጎረቤትሽ ንገሪያቸው። «ውሻችሁ አስቸገረኝ» ብለሽ ብትጀምሪ ይኮሳተሩብሻል። «ውሻችሁ የድመት ምግብ እየበላ ነው፣ እንዳያመው ፈራሁ» ብትዪ ግን ራሳቸው ያስሩታል። የምታበዪበትን ሰዓት ንገሪያቸው፤ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ብቻ ውሻውን ቢይዙልሽ ይበቃል። ባለቤት የሌለው ትንሹ ውሻ ደግሞ ምናልባት በእውነት ርቦት ይሆናል። አቅሙ ካለሽ ከድመቶቹ ቀድመሽ፣ ራቅ ያለ ቦታ ላይ፣ ለእሱም ጣል አድርጊለት። አንዳንዱ «ጭራሽ ታስለምጂዋለሽ» ይላል። እሱማ ለምዷል፤ አሁን የሚለምደው ሌላ ቦታ መሄድ ነው። ውኃ ግን ለማንም አትከልክዪ፤ ከምግቡ ራቅ አድርገሽ ታች አስቀምጪ። ድመቶችም ብዙዎቹ ከምግባቸው የራቀ ውኃ ይመርጣሉ።

ወደ በርበሬው ልመለስ። በርበሬ መሬት ላይ ስትነሰንሺ የምትረግጠው ድመቷ ናት። ከዚያ እግሯን ትልሳለች፣ ፊቷን ትጠርጋለች፣ ዓይኗ ይቃጠላል። ልብስ ውስጥ የሚደረገው የብል መከላከያ ክኒን ለድመትም ለውሻም መርዝ ነው። ሽታቸው ጠንካራ የሆኑ የዕፀዋት ዘይቶችንም የድመት ጉበት በቀላሉ አያስወግድም። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ የምትሉ አላችሁ፤ ሽታውን የምትጠላው በዋናነት ድመቷ ስለሆነች የምታባርሩት እንግዳዋን ነው። ውሻ ያባርራል ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ድመት ከውሻም በላይ ቀጭን ድምፅ ትሰማለች። ስለ መርዝ መናገርም አያስፈልገኝም፤ እንኳን ልትሞክሪው የሚመክርሽን ሰው አትስሚ።

ቆዳ ሥር በሚቀበር ቺፕ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መለያ) የሚከፈት ሳህንም አለ። ለቤት ድመት ጥሩ ነው። ለውጭ ድመቶች ግን ቺፕ ከሌላቸው አይከፍትላቸውም፣ ዝናብም አይወድም። ገንዘብሽን ለጣውላ አውዪው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ውሻና ድመት አንድ ሳህን ላይ ሲገናኙ ሊነካከሱ ይችላሉ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በዋናነት በንክሻ ነው። ድመቶቹን መያዝ የምትችዪ ከሆነ አስከትቢያቸው። ሲጣሉ በእጅሽ አትገላግዪ፤ ውኃ ድፊባቸው። ከተነከስሽ ወይም ከተቧጨርሽ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ፤ «ትንሽ ናት» ብለሽ አትተዪው።

ለመጀመር ግን ደረጃው አጠገብ ያለውን ግድግዳ ለኪ። ትልቁ ውሻ ቆሞ ሲደገፍ አፉ የት እንደሚደርስ አይተሽ በጠመኔ ምልክት አድርጊ። ከምልክቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ነው መደርደሪያውን የምትመቺው። ግድግዳው ሚስማር የማይቀበል ከሆነ ንገሪኝ፤ በአንድ ቋሚ እንጨት ላይ የሚሠራበት መንገድ አለ፣ አስረዳሻለሁ።