ሾፒፋይ ወይስ ዉኮመርስ? መጀመሪያ ብሩ የት እንደሚገባ ንገሪኝ

እህቴ መልእክትሽ ረጅም ነበር ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት፣ ሌላም ሰው እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። አምና በአካውንቲንግ ተመርቀሻል፣ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ላላት አክስትሽ የቴሌግራም ቻናል ከፍተሽ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ትሸጫለሽ፣ መልእክት መመለስ ሲያቅትሽ "ዌብሳይት ልክፈት" ብለሽ ሰው ስትጠይቂ አንዱ ጓደኛሽ "ሾፒፋይ ነው እንጂ ሌላው ቀልድ ነው" አለሽ (ሾፒፋይ በየወሩ እየከፈልሽ ኦንላይን ሱቅ የምትከፍቺበት አገልግሎት ነው)፣ ሌላው ደግሞ "ከዜሮ ኮድ አድርጌ በ80 ሺህ ብር እሠራልሻለሁ" አለሽ፣ እጅሽ ላይ ያለው ግን 30 ሺህ ነው። በዛ ላይ አንድ ድርጅት ጁኒየር አካውንታንት ሆነሽ ግቢ ብሎሽ እስከ አርብ መልስ ይጠብቃል፣ አንቺ ደግሞ "ሥራውን ትቼ ኦንላይን ሱቅ መሥራት ተምሬ ለሰው እየሠራሁ ብኖርስ?" እያልሽ ነው። ልክ ነኝ አይደል?

እሺ። ሁለቱም ጓደኞችሽ አንድ ነገር ዘለዋል። ስለ ዲዛይን አወሩሽ፣ ስለ ፍጥነት ምናምን አወሩሽ፣ ደንበኛዋ ቀሚሱን ወዳው "ግዛ" የሚለውን ስትጫን ብሩን በምን ትከፍላለች፣ ብሩስ የማን አካውንት ይገባል የሚለውን ግን አልጠየቁሽም። እኔ ፕላትፎርም የምመርጠው ከዛ ተነስቼ ነው። ቆንጆ ሱቅ ከፍተሽ በሩ ላይ ገንዘብ ተቀባይ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

ሾፒፋይ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ በጣም ጎበዝ ነገር ነው። ቶቢ ሉትኪ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ካናዳ ኦታዋ ሆኖ ስኖውቦርድ (በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ጣውላ) ኦንላይን ሊሸጥ ሲል የነበሩት ሶፍትዌሮች አልመቹት ብለው የራሱን ጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሌላውም ሰው እንዲከፍትበት አወጡት። ባለሱቅ የሠራው ስለሆነ ለባለሱቅ ይመቻል፣ አንድ ቀን ከሰዓት ቁጭ ብለሽ ሱቅሽን ጨርሰሽ መነሳት ትችያለሽ። ችግሩ ያለው እኛ ጋ ነው። የራሱ የክፍያ መቀበያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አይሠራም፣ ስትራይፕ የሚባለው የውጭ የክፍያ ድርጅትም ኢትዮጵያ ላለ ቢዝነስ አካውንት አይከፍትም። በሌላ ድርጅት በኩል ካስከፈልሽ ደግሞ በቤዚክ ፓኬጅ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 ፐርሰንት ለራሱ ይቆርጣል፣ ማለትም 6,000 ብር ቀሚስ ስትሸጪ 120 ብር ለሾፒፋይ፣ ከዛ ላይ የክፍያ ድርጅቱ የራሱን ይወስዳል። ወርሃዊው ደግሞ በየወሩ ከከፈልሽ 39 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ በነበረ ጊዜ ይሄ ወደ 2,200 ብር ነበር፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ አንቺ የምትሸጪው በብር ነው። ለዛውም በየወሩ ዶላር የሚከፍል ኢንተርናሽናል ካርድ ካገኘሽ ነው እንጂ፣ አንድ ወር ካርዱ እምቢ ካለ ሱቅሽ ሊዘጋ ነው።

ሾፒፋይ የሚያዋጣሽ አንድ ሁኔታ አለ። መልእክትሽ መጨረሻ ላይ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስትሽ ልጅ እንዳለች ጽፈሻል። እሷ እዛ በስሟ ቢዝነስ አስመዝግባ፣ የባንክ አካውንት ኖሯት፣ ለመስቀልና ለፋሲካ ለሠርግም ሐበሻ የሚፈልገውን ልብስ ቀድማ አስልካ ቤቷ አስቀምጣ የምትሸጥ ከሆነ አዎ፣ ሾፒፋይ ለእሷ ነው፣ ደንበኞቿ በካርድ ይከፍላሉ፣ እቃውም ከዛው ይላካል። ግን ልብ በይ፣ ያኔ ሱቁ የእሷ ነው፣ ታክሱም የእሷ ነው፣ እናንተ አቅራቢ ናችሁ። "በእሷ ስም ይከፈት እኔ ከዚህ እሠራዋለሁ" የሚለውን ነገር ዘመድ ቢሆንም በጽሑፍ ሳትዋዋሉ እንዳትገቡበት፣ ብር ሲመጣ ዘመድ ይቀያየማል።

አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ ግን እኔ ዉኮመርስ ነው የምልሽ። ወርድፕረስ (ዌብሳይት መሥሪያ ነፃ ሶፍትዌር) ላይ የሚጫን ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዉቲምስ የሚባል ኬፕታውን ያለ ድርጅት ነው ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኦቶማቲክ የሚባለው የወርድፕረስ ዶት ኮም ባለቤት ገዛው። ፕለጊኑ ራሱ ነፃ ነው፣ የምትከፍዪው ለሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ኪራይ) እና ለዶሜን (የዌብሳይቱ ስም) ነው፣ ሁለቱንም በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ። ከ30 ሺህሽ ብዙውን ሳትነኪ ትጀምሪያለሽ። የኢትዮጵያ ብር ከገንዘቦቹ ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ቻፓን የመሳሰሉ የክፍያ ድርጅቶች ለዉኮመርስ ፕለጊን አላቸው፣ ስለዚህ ደንበኛዋ በቴሌብርም በባንክም ትከፍላለች። ለነሱ መመዝገብ ግን ንግድ ፈቃድና ቲን ይጠይቃል፣ ፈቃዱ ያለው በአክስትሽ ስም ስለሆነ አካውንቱም በሷ ስም ይሁን፣ ያንቺን ስም አታስገቢ።

የክፍያ ድርጅቱ እስኪያልቅልሽ ደግሞ አትቀመጪ። ዉኮመርስ ውስጥ የባንክ ዝውውር እና ሲደርስ መክፈል የሚሉ ሁለት አማራጮች ምንም ሳትጨምሪበት አብረውት ይመጣሉ። የአክስትሽን የንግድ ባንክ ቁጥር ታስገቢያለሽ፣ ደንበኛዋ ትልካለች፣ ኦርደሩ አንቺ እስክታረጋግጪ ድረስ ሆልድ ላይ፣ ማለትም ተይዞ ይቆያል። እና እባክሽ ስክሪንሾት አይተሽ እቃ አትልኪ! ስክሪንሾት በስልክ ኤዲተር በሁለት ደቂቃ ይሠራል፣ ስንቱ ልጅ በዚህ ተበልቷል። ብሩ አካውንቱ ውስጥ መግባቱን ራስሽ ካላየሽ ኦርደሩ ሆልድ ላይ ይደር።

አሁን ትንሽ ወደ እቃው ልግባ፣ ምክንያቱም ሐበሻ ልብስ መሸጥ ጫማ እንደመሸጥ አይደለም። ቀሚስ የሚሠራው በልክ ነው፣ ሸማኔው ጋ ጥለቱ ይታዘዛል፣ ሰፊው ጋ ይሄዳል፣ ሁለት ሳምንት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ማንም ያለ ቀብድ ሥራ አይጀምርም። ዉኮመርስ ቀብድ የሚባል ነገር ከራሱ ጋር አይመጣም፣ ለሱ የሚሸጥ ተጨማሪ አለ ግን በዶላር ነው። እኔ ያየሁት ቀላሉ መላ ምን መሰለሽ፣ ቀሚሱን ራሱን ከነሙሉ ዋጋው ለማሳያ ታስቀምጪና የሚገዛውን ነገር "የቀሚስ ቀብድ" ብለሽ በግማሽ ዋጋ ትከፍቺዋለሽ፣ ቀሪው ሲደርስ ይከፈላል ብለሽ በደንብ ትጽፊበታለሽ። ልክ የሚሞላበትንም ቦታ (ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት) እዛው አድርጊ፣ በኋላ በስልክ ስትጠያየቁ ነው ስህተቱ የሚመጣው።

አድራሻ ላይም እንዲሁ። ፎርሙ የተሠራው ጎዳናው ቁጥር ላለው አገር ነው፣ ፖስታ ኮድ ምናምን ይጠይቃል። የኛ ሰው "ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ቢጫው ፎቅ ጋ ስትደርሺ ደውዪ" ነው የሚለው። ስለዚህ የማያስፈልገውን መስመር አጥፊው፣ ስልክ ቁጥርን መጀመሪያ አምጪው፣ አድራሻ የሚለውን "ሰፈርና ምልክት" ብለሽ ቀይሪው። በፎርም ማስተካከያ ፕለጊን ብዙ ጊዜ የማይወስድ ሥራ ነው፣ ግን ደንበኛ ፎርም መሃል ትታ እንዳትወጣ ያደርጋል።

አንድ ማንም የማይነግርሽ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። የምርቱን ስም በአማርኛ "የሀበሻ ቀሚስ በሰማያዊ ጥለት" ብለሽ ስትጽፊ ወርድፕረስ ሊንኩንም ከዛው ላይ ነው የሚሠራው፣ አንዷ የአማርኛ ፊደል ሊንክ ውስጥ በፐርሰንት ምልክት ተቆራርጣ ዘጠኝ ቦታ ትይዛለች፣ ጠቅላላ የተፈቀደው 200 ስለሆነ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ይቆረጣል። ከዛ ሊንኩን ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፊው ፐርሰንትና ቁጥር ብቻ የሆነ ሁለት መስመር ሙሉ ነገር ይወጣል፣ ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም። መፍትሔው ስሙን በአማርኛ ትተሽ ፐርማሊንክ (የገጹ ሊንክ) የሚለው ቦታ ላይ አጠር ያለ ሊንክ በላቲን ፊደል መጻፍ ነው፣ ፖስት ከማድረግሽ በፊት። ከተለጠፈ በኋላ ብትቀይሪው ያጋራሽው አሮጌ ሊንክ ሊበላሽብሽ ይችላል።

ፎቶ ላይ ብዙ አልልም፣ ጎበዝ እንደሆንሽ ቻናልሽን አይቼ ነው የምጽፍልሽ። ብቻ በሱቁ መብራት አታንሺ፣ ነጩ ሸማ ቢጫ ይመስላል፣ ከደጅ በጠዋት ብርሃን አንሺው፣ ጥለቱን ደግሞ ክሩ እስኪታይ ቀረብ ብለሽ ለብቻው። እና ከስልክ የወጣውን 4 ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ አትጫኚ፣ በዳታ ለምትከፍትሽ ልጅ አንድ ገጽ እስኪመጣ ቡና ይፈላል።

የ80 ሺው ልጅ? በትህትና እምቢ በዪው። ከዜሮ የተሠራ ነገር ሲበላሽ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው፣ ልጁ ነገ ሥራ ቢያገኝ ወይ አገር ቢለቅ ማንን ትጠሪያለሽ? ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ለቤተሰብ ሥራ ብለን ዌብሳይት ያሠራነው ሰው ዶሜኑን በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት ኖሮ እኛ አላወቅንም፣ ክፍያው ሲያልፍ ማሳወቂያው ለሱ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ስልኩን ቀይሯል። በቃ ካርድና ታፔላ ላይ ሁሉ ያሳተምነው ስም ሄደ። ስለዚህ በማንም ብታሠሪ ዶሜኑም ሆስቲንጉም ባንቺ ወይ በአክስትሽ ስልክና ኢሜይል ይሁን፣ ፓስወርዱን ለሠሪው ትሰጫለሽ እንጂ ከሠሪው አትለምኚም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር ለኔ ዋናው እሱ ነው። ሱቅ መሥራት ሙያ ይሆናል ወይ? ይሆናል፣ ግን አንቺ ባሰብሽው መንገድ አይመስለኝም። ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ ያለ ዲዛይን) ጭኖ ሎጎ ቀይሮ የሚያስረክብ ሰው አሁን ሞልቷል፣ ዋጋ እየተቀናነሱ ይጣላሉ። እንጀራው ያለው ከዛ በኋላ ነው፣ ማለትም በየወሩ አፕዴት የሚያደርግ፣ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የሚይዝ፣ አዲስ ምርት የሚጭን፣ አንዱ ፕለጊን ሌላውን ሲያበላሽ የሚደርስ ሰው። ለዚህ ነው ባለሱቁ በየወሩ የሚከፍለው።

ካንቺ ጋ ደግሞ ብዙ ዌብሳይት ሠሪ የሌለው ነገር አለ። እስቲ አስቢው፣ ደንበኛ በክፍያ ድርጅት በኩል 6,000 ብር ትከፍላለች፣ ሱቁ 6,000 ይመዘግባል፣ ባንክ የሚገባው ግን ኮሚሽኑ ተቆርጦ ነው፣ ያውም የብዙ ሰው ክፍያ ባንድ ላይ ተደምሮ በሌላ ቀን። ባለሱቋ ሁለቱን ስታስተያይ "ብሬ ጠፋ" ብላ ትጮሃለች። ኮደሩ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ አንቺ ግን የባንክ ሪኮንሲሊየሽን (መዝገብን ከባንክ ሂሳብ ጋር ማስታረቅ) ተምረሻል፣ ሽያጩ ስንት፣ ኮሚሽኑ ወጪ ሆኖ ስንት፣ ሲደርስ የተከፈለው ጥሬ ብር ስንት ብለሽ ታስቀምጪላታለሽ። ኦንላይን ሱቅ ከፍቶ ሂሳቡንም የሚይዝ ሰው ፈልጊልኝ ብትዪኝ ማንን እንደምጠራ አላውቅም። ሲቪሽ ላይ አካውንቲንጉን ወደታች ገፍተሽ "ዌብ ዴቨሎፐር" ብለሽ ከላይ የምትጽፊ ከሆነ በጣም ነው የማዝነው።

መማሩን በነፃ ጀምሪ። ወርድፕረስን ላፕቶፕሽ ላይ ሆስቲንግ ሳትገዢ ጭነሽ ያለ ኢንተርኔትም ትለማመጃለሽ፣ አሥር ጊዜ ብታበላሺው ማንም አያይሽም። ሾፒፋይም ቢሆን የፓርትነር አካውንት በነፃ ከፍተሽ የመለማመጃ ሱቅ መሥራት ትችያለሽ፣ ለሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ ይጠቅምሻል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የኦንላይን ሥልጠና ፕሮግራም ላይ የፕሮግራሚንግ መነሻ ኮርሱን ውሰጂው፣ ነፃ ነው ሰርተፊኬትም አለው፣ ሰርተፊኬቱ ብቻውን ሥራ ያስገኝልሻል ብዬ ግን አልዋሽሽም። የሚያስቀጥርሽ የአክስትሽ ሱቅ ሊንክ ነው፣ ከሱ ጋር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በቴሌግራም ብቻ በወር ስንት ኦርደር እንደመጣ፣ ስንቱ ቀብድ ከፍሎ ስንቱ እንደቀረ ደብተር ላይ ጻፊ። ዌብሳይቱ ሲከፈት የምታስተያዪበት ነገር ይኖርሻል፣ ኢንተርቪው ላይም የምታወሪው ነገር ይኖርሻል። ቻናሉን ደግሞ እንዳትዘጊው፣ ሰዉ ያለው እዛ ነው፣ ዌብሳይቱ ዋጋና ልክ ማሳያ፣ ክፍያ መቀበያ ይሁንልሽ። ስለ ሕጉ ካሰብሽ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ን አንዴ አንብቢው፣ ከአክስትሽ ጋር አብራችሁ።

ሥራውን ያዢው። ደሞዙ ትንሽ ነው ብለሻል፣ አዎ ትንሽ ነው፣ ግን አክስትሽ በዓል ሲያልፍ ሁለት ወር ገበያ እንደሚቀዘቅዝ ካንቺ በላይ ታውቃለች፣ አንቺም በዛ ጊዜ የቤት ኪራይ አለብሽ። ማታ ማታና ቅዳሜ ሱቁን ሥሪ፣ ስድስት ወር ስጪው፣ ከአክስትሽ ሌላ ሁለት በየወሩ የሚከፍል ባለሱቅ ካገኘሽ ያኔ እንደገና ጻፊልኝና ስለመልቀቅ እናወራለን። ግን የቅጥር ውሉን ከመፈረምሽ በፊት የግል ሥራ መሥራትን የሚከለክል አንቀጽ እንዳለው እይ፣ ካለው ሳታፍሪ ጠይቂያቸው። አርብ እስኪመሽ አትጠብቂ፣ ሐሙስ ጠዋት ደውዪላቸው።