ባሕር ዳር ሕግ ለመማር ያሰባችሁ፣ ጠይቁኝ

ሕግ የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ አሁንም እዚሁ በጥብቅና ነው የምተዳደረው። ዛሬ ቀጠሮዬ ስለተዛወረ ጣና ዳር ቡና ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ጠይቁኝ።

«ጋሼ፣ ዝምተኛ ነኝ። ጠበቃ መሆን እችላለሁ?»

ትችያለሽ። ፊልም አያሳስትሽ። የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ባብዛኛው በወረቀት ነው የሚያልቀው፦ ክስ፣ መልስ፣ የሰነድ ማስረጃ። ምላሰ ፈጣን ሆኖ አንቀጹን ሳያነብ የመጣ ስንቱን አይቻለሁ።

«ስንት ዓመት ነው? እንደጨረስን ችሎት እንቆማለን?»

5 ዓመት፣ ከዚያ የመውጫ ፈተና። ዲግሪው ግን ፈቃድ አይደለም። የጥብቅና ፈቃድ ለብቻው ነው፣ የክልሉ ሌላ የፌዴራሉ ሌላ። የፌዴራሉን አዋጅ 1249/2013 ላይ ታገኘዋለህ። አንብበው፣ ከአሁኑ ልመድ።

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ችሎቱ በአማርኛ። አያስቸግርም?»

ያስቸግራል እንጂ! እኔን ያዋረደኝ እሱ ነው። ተማሪ ሆኜ ነጻ የሕግ ድጋፍ ስሰጥ አንዲት እናት የመሬት ጉዳይ ይዘው መጡ፤ «ልጄ፣ ይርጋ አግዶሻል አሉኝ፣ ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ ዝም። «ፔሬድ ኦፍ ሊሚቴሽን» ብባል ግን ሙሉ ገጽ እጽፍ ነበር። መብትን በጊዜው ካልጠየቁት የሚያልፍበት ነገር መሆኑን የነገራቸው በር ላይ የነበረው ማመልከቻ ጻፊ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ማንበብ ጀመርኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ረቂቁ በፈረንሳይኛ ነው የተጻፈው፣ በፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ፤ ስለዚህ የአማርኛው አንቀጽ አልገባ ሲልህ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። የሰበርን፣ ማለት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕግ ስሕተት የሚያርምበትን ችሎት፣ ውሳኔዎችም አንብብ። በአማርኛ ናቸው፣ የሥር ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳሉ።

«ሕግ ባልማርም አንድ የሚጠቅመኝ ነገር ንገረኝ።»

ስታበድር አስፈርም። የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472፦ ከ500 ብር በላይ ያበደርከውን በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል («አዎ፣ ተበድሬያለሁ» ሲል) ወይም መሐላ ካልሆነ አታስረዳም። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አይሠራም። 500 ብር ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ እዚህ ለሁለት ሰው የዓሣ ጥብስ መብቃቱን እንጃ፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው።

«ገቢውስ?»

መጀመሪያ ቀጭን ነው። ሒሳብ መጣልኝ፣ የቀረውን ማታ።