ያለፈው ሙቀት ከምሕዋር ከመጣ፣ የአሁኑስ?

ጥያቄ፦ ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ምድር ሞቃት እንደነበረችና ምክንያቱ የምሕዋሯ መለወጥ እንደሆነ አነበብኩ። ያኔ ወደ ፀሐይ ቀርባ ነበር ማለት ነው? የዛሬውስ ሙቀት ከዚያው የመጣ ሊሆን አይችልም? በአገራችንስ የሚታይ ምልክት አለ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የተለወጠው በዋናነት ምድር ለፀሐይ የምትቀርብበት ወር ነው። ዛሬ በጣም የምትቀርበው ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሲሆን ርቀቱ 147.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። በሰኔ መጨረሻ እስከ 152.1 ሚሊዮን ትርቃለች። ትልቁን ርቀት ለትንሹ ያካፍሉና ውጤቱን በራሱ ያባዙት፤ 1.07 ያገኛሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ ለምድር የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ከሰኔው 7 በመቶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው።

ከ127,000 ዓመት በፊት ምሕዋሩ ይበልጥ ሞላላ ስለነበረ ይህ ልዩነት ወደ 17 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበውም በሰኔ አካባቢ ነበር። የዛቢያዋ ዘንበል ማለትም ከዛሬው 23.4 ዲግሪ ከፍ ብሎ 24 ነበር። ሦስቱ ሲገጣጠሙ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሰኔና የሐምሌ ፀሐይ በረታች። በረዶው ቀለጠ፤ ነጩ ገጽ ሲገፈፍ የወጣው ጥቁር ባሕርና መሬት ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት መጠጠ። የባሕር ወለል ከዛሬው ቢያንስ በ5 ሜትር ከፍ አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምድር በዓመት የምታገኘው ጠቅላላ ብርሃን የጨመረ ሲመስለው ነው። የጨመረው ከ0.1 በመቶ በታች ነው። ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ፈጥና ስለምትጓዝ ያ ብርቱ የፀሐይ ወቅት አጭር ነበር፤ በሌሎቹ ወራት የሚደርሰው ብርሃንም ከዛሬው ያንስ ነበር። ምሕዋር ሙቀትን በወቅትና በቦታ ያከፋፍላል እንጂ ከየትም አያመጣም።

የዛሬውን ሙቀት በዚህ ማስረዳት አይቻልም። ምድር ለፀሐይ የምትቀርብበት ቀን አንድ ቀን ወደፊት ለመግፋት 58 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ በ150 ዓመት ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም። ደግሞም የሰሜኑ የሰኔ ፀሐይ ላለፉት 11,000 ዓመታት ገደማ እየደከመች ነው የመጣችው፤ ለምሕዋሩ ብቻ ቢተው ሰሜኑ ቀስ በቀስ መቀዝቀዝ ነበረበት። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚያ ጥንታዊ ሞቃት ዘመን ከሚሊዮን እጅ 280 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህን ያደረግነው እኛው ነን፤ ጥፋቱን በምሕዋር ማሳበብ መፍትሔውን ያዘገያል።

የአገራችን ምልክት ከአዳማ ብዙም አይርቅም። ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው እንደገና በሰኔ ነበር። የሰሜን አፍሪካ ምድር ስለጋለ እርጥብ ነፋስ ከወትሮው በበለጠ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ክረምታችንም በረታ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆኑ፤ ሐይቁም ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። የያኔው ዳርቻ ከዛሬው የሻላ ውሃ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ዕድሜው የታወቀውም በደለሉ ውስጥ በተገኙ ዛጎሎች ነው። በዚያው ዘመን ሰሃራ ሣርና ሐይቅ ነበረው፤ በአልጄሪያ የታሲሊ ዋሻዎች የተሣሉት ከብቶች የዚያ ዘመን ናቸው። ምድር ለፀሐይ የምትቀርብበት ጊዜ ወደ መስከረም ሲሸሽ ዝናቡ ደከመ፤ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊትም ሐይቁ ጎድሎ ለአራት ተከፈለ።