ኪሮሽ ስሠራ እጄን ያመኛል፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ኪሮሽ ተመልሼ ለእህቴ ልጅ ብርድ ልብስ ጀምሬያለሁ። መርፌዬ 4 ሚሊሜትር ነው፣ አሉሚኒየም። ግማሽ ሰዓት ሳልሠራ አውራ ጣቴ ሥር ያመኛል። ሥራውም በጣም ስለሚጠብቅብኝ መርፌው አልገባ ይላል። ውድ መርፌ ልግዛ ወይስ አያያዜ ነው?

መልስ፦ ለመግዛት አትቸኩዪ እህቴ። እኔም እጄን ስወቅስ ነው የኖርኩት፣ ጥፋቱ ግን የመያዣው ቅጥነት ነበር። እርሳስ እንኳን 7 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል፣ ያንቺ መርፌ 4 ነው። እንዲህ የቀጠነ ነገር እንዳያመልጣቸው ጣቶችሽ ሳታውቂው ጨምድደው ይይዙታል፣ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል።

ስለዚህ መያዣውን አወፍሪው። ለእርሳስ የሚሸጠው የላስቲክ መያዣ ከገባልሽ በቃ፣ ካልሆነ ትርፍ ክር ጥቅጥቅ አድርገሽ ጠምጥሚበትና ጫፉን ቋጪው። ከመንጠቆው ቀጥሎ ያለውን ዘንግ ግን እንዳትነኪው፣ የቀለበቱን ስፋት የሚወስነው እሱ ነው።

ስለ መጥበቁ፦ ቀለበቱን የምታሳርፊው የት ነው? ብዙ ሰው መንጠቆው ሥር ባለው ጠባብ አንገት ላይ ይተወዋል፣ ከዚያ ለምን ጠበቀ ይላል። ወደ ሙሉው ዘንግ ሳቢው። አሁንም ከጠበቀ 4.5 ወይም 5 ሞክሪ። የክሩ ወረቀት ላይ ያለው የመርፌ ቁጥር መነሻ እንጂ ግዴታ አይደለም። ልብስ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ 10 በ10 ሴንቲሜትር ናሙና ሥሪ እልሽ ነበር፣ ብርድ ልብስ ግን ትንሽ ቢሰፋ ምንም አይደል።

አያያዝሽንም ቀያይሪ። እንደ እርሳስ የምትይዢ ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ እንደ ቢላዋ ያዢው፣ መጀመሪያ ያስጠላል፣ ይለመዳል። አሉሚኒየሙ ካንሸራተተሽ ቀርከሃ ክሩን ያዝ ያደርጋል፣ እጅም ላይ አይቀዘቅዝም። ክር ከነከሰብሽ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው።

እጅሽ ካረፈም በኋላ ካመመሽ ወይም ሌሊት ከደነዘዘ ግን የመርፌ ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እባክሽ አትናቂው።

ደግሞ ቁጥር የምትቀይሪ ከሆነ መሀል ላይ እንዳታደርጊው፣ አንዱ ወገን ይሰፋብሻል። ጥቂት መስመር ብቻ ከሆነ የሠራሽው፣ ፍቺውና ከመጀመሪያው ጀምሪ።