ፔጁን ዘግቼ በሌላ ስም ልጀምር ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው የምኖረው። ቤቴ ውስጥ ኬክ እየሠራሁ በፌስቡክና በቴሌግራም እሸጣለሁ። ከጀመርኩ 3 ዓመት ሆነኝ፤ ፔጄም ከ7,000 በላይ ተከታይ አለው። ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛ ለልጇ ልደት ያዘዘችኝ ኬክ ቀልጦ፣ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ደረሳት። ቀን 8 ሰዓት ላይ በባጃጅ ነበር የላክሁላት። ፎቶውን አንስታ እናቶች የሚበዙበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ፔጄ ላይም መጥታ ኮሜንት ጻፈች። ደንግጬ ኮሜንቱን አጠፋሁ፣ እሷንም ብሎክ አደረግኋት። ለካ አድሚን የሆነው ወንድሜ ቀድሞኝ በፔጁ ስም «አቅም ከሌለሽ ዳቦ ግዢ» ብሎ መልሶላት ኖሯል። አሁን ስክሪንሾቱ እየዞረ ነው። በሳምንት 10 እና 12 ትእዛዝ ነበረኝ፤ ባለፈው ሳምንት 2 ብቻ። ስሙን ቀይሬ አዲስ ፔጅ ብከፍት ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዳቦዋ ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ አስቀመጥኩ። የቀለጠ ኬክ ይረሳል። «ዳቦ ግዢ» ግን በቀላሉ አይረሳም።

አልፈርድብሽም፤ እኔ የባሰ ሠርቻለሁ። ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት በነበረኝ ጊዜ ረዳቴ የአንድ ሠርግ የመልስ ፎቶ ያለበትን ካርድ ፎርማት አደረገው። አንድም ፎቶ አልተረፈም። የሙሽራዋ ወንድም ፌስቡክ ላይ ጉዴን አወጣው። እኔ ሄጄ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ በሌላ ስም አካውንት ከፈትኩና «እኔም እዚያ ቤት ተነስቻለሁ፣ እጃቸው ይባረክ» ብዬ ጻፍኩ። ለፕሮፋይሉ የአንድ ዘመዴን ፎቶ አስገባሁ። ችግሩ ልጁ የቆመው እኔው ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ነው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ እዚያ ፏፏቴ ፊት ተነስቷል። አንዱ ከስሩ «ጋሼ፣ ፏፏቴዎ እየፈሰሰ ነው» ብሎ ጻፈ። ዓመት ሙሉ ሰላምታዬ «ፏፏቴው እንዴት ነው?» ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ስም አትቀይሪ። ስልክ ቁጥርሽ ያው ነው። በቴሌብር ብር ሲልኩልሽ የሚወጣው ስምም ያው ነው። የአበባ አሠራርሽን የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያው ፎቶ ይለይሻል። ያኔ «ስሟን ቀይራ መጣች» ይባላል፤ ይሄ ደግሞ ከቀለጠ ኬክ ይከፋል። የ3 ዓመት ፎቶና ምስጋናም አሮጌው ፔጅ ላይ ይቀርብሻል።

መጀመሪያ ለሴትዮዋ ደውዪ። ቴክስት አይሆንም። ስትቆጣ አትመልሺላት፤ ሰምተሽ ስትጨርሺ ገንዘቧን መልሺ። «ፖስቱን አጥፊልኝ» እንዳትዪ። እንዲያ ካልሽ ይቅርታው ግዢ ይሆናል። ራሷ ካጠፋችው እሰየው።

ቀጥለሽ ብሎኩን አንሺና ፔጁ ላይ ራስሽ ጻፊ። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦

«ባለፈው ወር ለልደት የላክሁት ኬክ ተበላሽቶ ደርሷል። በቀትር ሙቀት የክሬም ኬክ በባጃጅ መላክ አልነበረብኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። በዚህ ፔጅ ስም የተጻፈው ስድብም አሳፍሮኛል። ደንበኛዬን በስልክ ይቅርታ ጠይቄ ገንዘቧን መልሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የክሬም ኬክ የማደርሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ብቻ ነው።»

በቃ። «ካስቀየምኩ ይቅርታ» የምትለዋን ቃል አታስገቢ፤ «ካ» ብለሽ ከጀመርሽ አስቀይመሽ እንደሆነ ገና አላመንሽም ማለት ነው። «ወንድሜ ነው የጻፈው» ማለትም አያዋጣም። ፔጁ ያንቺ ነው። የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ሰው ኬኩ ለምን እንደቀለጠና ሁለተኛ እንደማይቀልጥ የሚያውቀው በእሷ ነው። ግን የጻፍሽውን ካልፈጸምሽ ባትጽፊው ይሻላል። በ8 ሰዓት አድርሺልኝ የሚል ሰው ከመጣ ክሬም የሌለበት ኬክ አቅርቢለት።

የምትጽፊው ለእሷ ብቻ እንዳይመስልሽ። እሷን በስልክ ጨርሰሻል። ይሄኛው የሚነበበው ኮሜንት በማይጽፉት፣ ላይክም በማያደርጉት ነው። ለልጃቸው ልደት ኬክ ሊያዙ አስበው «እስቲ ይቺ ሴትዮ ነገር ሲበላሽ ምን ታደርጋለች?» ብለው ወደ ታች የሚወርዱት እነሱ ናቸው። ጥሩ ኬክማ የሁሉም ፔጅ ላይ አለ።

ማጥፋቱን በተመለከተ፣ ስድብና የሰው ስልክ ቁጥር ካለበት አጥፊ። ቅሬታን ተዪው። ፌስቡክ ላይ ኮሜንት ደበቅሁ ስትዪ እንኳ ለሌላው ሰው ነው የሚጠፋው፤ ለጻፈችውና ለጓደኞቿ ቁጭ ብሎ ይታያል።

ወንድምሽን ዛሬውኑ ከአድሚንነት አውጪው። ይቀየማል፣ ቡና አፍልተሽ ታረቂው። እግረ መንገዴን ፔጅሽን አየሁት፤ ከኬኮቹ መሀል «አሁን የደረሰን» እያለ ምንጩ ያልታወቀ ወሬም ሼር ያደርጋል። ይሄ ቀልድ አይደለም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ላይ፣ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ ይከብዳል። ያንቺ 7,000 አልፏል። ወሬውን በራሱ አካውንት ያውራ፤ አንቺ ኬክ ሽጪ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። ሦስት ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ ሦስቱንም «ኢንቦክስ» ብለሻቸዋል። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት ልጆች ዋጋ በጆሮህ እንንገርህ ሲሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳውቅ ያዛል። የኪሎውን ዋጋ ጻፊ፤ ጌጡ የሚጨምረውን ለብቻው። ኢንቦክስ የተባለ ሰው «እንደ ሰው እያየች ነው የምታስከፍለው» ብሎ ይጠረጥራል። ስምሽን ከምታስቢው በላይ የጎዳው ይሄ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ፌስቡክ ላይ በኳስም በሌላም ብዙ ተሳድቤያለሁ። ቀጣሪዎች ያያሉ ይባላል። ለእህታችን አታጥፊ ሊሏት እንደሚችሉ እገምታለሁ፤ እኔስ ላጥፋ? (ከሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ)

መልስ፦ አንተ አጥፋ! እሷ የምትደብቀው የደንበኛ ቅሬታ ነው፤ አንተ የምታጠፋው የራስህን ስድብ ነው። ስሙን ጠርተህ የሰደብኸው ሰው ካለ በኢንቦክስ ይቅርታ ጠይቀህ አጥፋ። ብዛቱ ካሰለቸህ ፌስቡክ ሴቲንግ ውስጥ የድሮ ፖስቶችን በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ። መጀመሪያ እሱን ተጫን፣ ከዚያ ተረጋግተህ አንድ በአንድ ልቀም። ጓደኞችህ ታግ ሲያደርጉህ ሳትፈቅድ ፕሮፋይልህ ላይ እንዳይወጣም ዝጋው።

ቴሌግራምን ደግሞ አትርሳ። ቀጣሪው ሲቪህ ላይ ያለውን ቁጥር ሴቭ ሲያደርግ ፎቶህ ብቅ ይላል። ሺሻ ይዘህ የተነሳኸው ከሆነ ዛሬ ማታ ቀይረው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰህ የተነሳኸው ጉርድ ፎቶ ይበቃል፤ ከኋላው ፏፏቴ ባይኖር እመርጣለሁ።